የተዘጋ የስኳር ባቡርን ታሪክ ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለመጻፍ

ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ወተት ሲሰበሰብ ያየ ሰው የካሪቢያን ደሴቶችን የስኳር ባቡር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ወተት ከታለበ በኋላ ሰዓት ይቆጠርበታል፤ ገበሬው ጀሪካኑን ይዞ ወደ አስፋልቱ ዳር የሚፋጠነውም፣ የወተት መሰብሰቢያው ከመንገድ የማይርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገብስ ግን ታጭዶ ከተከመረ እስኪወቃ ድረስ ሳምንታትን ይታገሣል፤ ጎተራ ከገባ በኋላማ ዓመት ቢቆይም ባለቤቱን አያስጨንቅም። ሸንኮራ አገዳ በመልኩ የማሽላ ወገን ቢመስልም በጠባዩ የወተት ዘመድ ነው። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር እየተለወጠ ይሄዳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መጭመቂያ ካልገባ የሚገኝበት ስኳር በግልጽ ይቀንሳል። ከአሥር ኩንታል አገዳ የሚወጣው ስኳር ደግሞ አንድ ኩንታል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ሸክም በፍጥነትና በርካሽ ወደ ፋብሪካ የሚያደርስ ነገር ያስፈልጋል። የስኳር ባቡር የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው።

ይህ ጽሑፍ በአንዲት የካሪቢያን ደሴት ላይ ተዘርግቶ የነበረንና ዛሬ ሥራ ያቆመን የስኳር ፋብሪካ ባቡር ታሪክ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአረርቲ ሆነው ለመጻፍ ለሚፈልጉ ተማሪዎችና የታሪክ ወዳጆች የተዘጋጀ መመሪያ ነው። ዋና ምሳሌ አድርጌ የያዝሁት አንቲጓን ሲሆን፣ ሴንት ኪትስን፣ ባርቤዶስን፣ ኩባንና ፖርቶ ሪኮን ለማነጻጸሪያ እጠራቸዋለሁ። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጽሑፉ ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ታሪኩን ፉርጎዎቹን ከሚጎትተው ሞተር፣ ከሎኮሞቲቩ፣ ሳይሆን ከአገዳው ይጀምሩ። የባቡር አፍቃሪዎች የጻፏቸው ብዙ ጽሑፎች ስለ ጎማ ብዛትና ስለ ቦይለር ሲያትቱ፣ ሐዲዱ ለምን በዚያ በኩል እንዳለፈ ሳይነግሩን ያልቃሉ። አገዳውን የተከተለ ሰው ግን የሐዲዱን ስፋት፣ አቅጣጫውን፣ የሥራ ወራቱንና መዘጋቱን በአንድ ገመድ አስሮ መጎተት ይችላል።

ከዞናችን ወረዳዎች አንዱ ምንጃር ሸንኮራ ይባላል፤ ይሁንና የሚታወቀው በጤፉና በሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል እንጂ በስኳር አይደለም። በቅርብ የምናገኘው የስኳር ትምህርት ቤት ወንጂ ነው፤ በኢንዶኔዥያ የነበረው ይዞታ አላስተማምን ብሎት ወደ ኢትዮጵያ የዞረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረበት ስፍራ ነው። ዕድሉ ካለዎት አንድም መስመር ከመጻፍዎ በፊት በቆረጣ ወቅት አንድ ቀን ሄደው የአገዳ ማሳ ይመልከቱ። ጥላሸቱን፣ የተጫነው አገዳ የሚወስደውን ቦታና የሠራተኛውን ጥድፊያ ያየ ሰው የቅኝ ግዛት ሰነድ ሲያነብ ቁጥሩ ሥጋ ይለብስለታል።

ስሙንና ዘመኑን ማስተካከል

መጀመሪያ የሚያሰናክለው ስም ነው። አንቲጓ ከ1871 እስከ 1956 ድረስ ለብቻዋ ሳይሆን ሊዋርድ ደሴቶች በሚባል የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ውስጥ፣ ከሴንት ኪትስና ከሌሎች ጋር ተደርባ ትተዳደር ነበር። ስለዚህ ሰነዶቿን «አንቲጓ» ብሎ ብቻ የፈለገ ሰው ጥቂት አግኝቶ ተስፋ ይቆርጣል። ለንደን አጠገብ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሊዋርድ ደሴቶች ደብዳቤዎች «ሲ.ኦ. 152» በሚል መለያ ተቀምጠዋል፤ ሰነዶቹ ራሳቸው በአብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ባይገኙም የዝርዝር መዝገቡን ከዚህ ሆኖ ማየት ይቻላል። በነፃ የሚከፈተው የካሪቢያን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የቆዩ ጋዜጦችን፣ ሪፖርቶችንና ፎቶግራፎችን ይዟል። ኔትወርኩ ቀን ቀን ስለሚያስቸግር እኔ የምፈልገውን ገጽ በማታ አውርጄ በማግስቱ ኮፒ ቤት አሳትማለሁ፤ ከስልክ ላይ የተነበበ ሰነድ በጎን ማስታወሻ ስለማይጻፍበት ቶሎ ይረሳል።

ቃላቱም እንደየደሴቱ ይለያያሉ። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው ደሴቶች ሰነድ ላይ የአገዳው ባቡር «ትራምዌይ» ወይም «ላይት ሬይልዌይ» ሊባል ይችላል። በስፓንኛ ተናጋሪዎቹ ኩባና ፖርቶ ሪኮ አሮጌው ትንሽ ወፍጮ «ትራፒቼ»፣ ከነእርሻው ያለው ፋብሪካ «ኢንሄኒዮ»፣ የብዙ እርሻዎችን አገዳ በአንድ ቦታ የሚጨምቀው ዘመናዊ ፋብሪካ «ሴንትራል»፣ በፋብሪካው ዙሪያ ያለው የሠራተኞች መንደር «ባቴይ» ይባላል። እነዚህን ቃላት በላቲን ፊደል ጽፈው ይፈልጉ፤ «የስኳር ባቡር» ብለው በጥቅሉ ቢፈልጉ የሚመጣልዎ የቱሪስት ማስታወቂያ ብቻ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ብቻ በቂ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአንቲጓ የባርነት ማብቂያ ቀን ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው። ዛሬ በስልካችን ያለውን የወር ማዛመጃ ይዞ የሚሠራ ሰው ሐምሌ 25 ይለዋል፤ ትክክሉ ግን ሐምሌ 26 ቀን 1826 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም 1900 በእኛ ስሌት ባለ ስድስት ጳጉሜን ዓመት የሚያስቆጥር ሲሆን በአውሮፓውያኑ ዘንድ ግን ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቀን ጨምሯል። ከ1800 እስከ 1900 ያለውን ቀን ሁሉ በዚህ መሠረት አንድ ቀን ወደፊት ያርሙ። በ19ኛው መቶ ዘመን እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውል እንደነበር ካስታወሱ አይሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ አንባቢዎ የሚያውቀውን ዘመን አጠገቡ ያቁሙለት። በኩባ ከሃቫና ወደ ቤሁካል የሚወስደው የላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ባቡር በኖቬምበር 1837 ሥራ ሲጀምር፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ነግሠው ነበር። በዚያ ጊዜ ቅኝ ገዢዋ ስፔን በራሷ ምድር አንድም ባቡር አልነበራትም፤ የመጀመሪያዋ የተከፈተው በ1848 ነው። ከባለቤቲቱ አገር አስቀድሞ ቅኝ ግዛቷ ባቡር እንድታገኝ ያደረገው የጉይኔስ ሸለቆ ስኳር ነው፤ መሥመሩም በ1838 ጉይኔስ ደረሰ።

ካርታ፣ ክርና ግልጽ ፕላስቲክ

በዚህ ክፍል ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ከሩቅ ሆኖ የሚጻፍ ታሪክ ዋጋ የሚያገኘው በአብዛኛው ካርታ ላይ ነው።

አንቲጓ 281 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህላል ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች፣ በመሐል ሸክላማ ሜዳ፣ በሰሜን ምሥራቅ የኖራ ድንጋይ መሬት ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለሌላት ጥንት አገዳው የሚጨመቀው በነፋስ ወፍጮ ነበር፤ የወፍጮዎቹ የድንጋይ ማማዎች ከመቶ በላይ ሆነው ዛሬም ቆመዋል። ከእነዚህ አንዱ ከ1674 ጀምሮ የኮድሪንግተን ቤተሰብ ይዞታ በነበረው ቤቲስ ሆፕ በተባለው እርሻ ላይ ታድሶ ይገኛል። እያንዳንዱ ማማ አንድ እርሻ ነበር፤ እያንዳንዱ እርሻም አገዳውን ለራሱ ይጨምቅ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራዎ በሳተላይት ምስልና በአሮጌ ካርታ እየታገዙ ማማዎቹን እንደ ነጥብ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው።

ቀጥሎ ፋብሪካውን ያስቀምጡ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ መንግሥታት በድጎማ የሚደግፉት የስኳር ቀይ ሥር፣ ማለትም የቢት፣ ስኳር ገበያውን አጥለቅልቆ የአገዳውን ዋጋ ጣለው። በ1897 በሄንሪ ኖርማን ሰብሳቢነት የተላከው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ኮሚሽን፣ ትንንሾቹ ወፍጮዎች በዚህ ሁኔታ መዝለቅ ስለማይችሉ ማዕከላዊ ፋብሪካ እንዲቋቋም መከረ፤ በ1902 ብራስልስ ላይ የተደረገው ስምምነት ደግሞ የቢቱን ድጎማ አስቀረ። በአንቲጓ ሰሜናዊ ክፍል ጉንቶርፕስ በተባለው ስፍራ ፋብሪካው በ1904 የተመሠረተው በዚህ መካከል ነው። መቶው ወፍጮ በአንድ ፋብሪካ ሲተካ አገዳው የሚጓዘው መንገድ በአንድ ጊዜ ረዘመ፤ የበሬ ጋሪ ብቻውን አልበቃ አለ፤ ሐዲድ ተዘረጋ። ወተት ወደ ጎረቤት መሸጥ ቀርቶ ለአንድ ማቀነባበሪያ መሸጥ ሲጀመር መኪና እንደሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ነው። ነጥቦቹን ከፋብሪካው ጋር በቀጭን እርሳስ ቢያገናኙ የሐዲዱን አካሄድ ካርታው ሳይነግርዎ በግምት ያገኙታል፤ ግምትዎን ከካርታው ጋር ማነጻጸር ከዚያ በኋላ ነው። ልዩነት ካገኙ ደስ ይበልዎ፤ ለምን ወደዚህ ታጠፈ ብሎ መጠየቂያ አግኝተዋል።

ለካርታው የሚመቸው የእንግሊዝ የባሕር ማዶ ቅየሳ ዳይሬክቶሬት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሳተማቸው ሉሆች ናቸው። ለፖርቶ ሪኮ ከሆነ ደሴቷ ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ እጅ ስለሆነች የአሜሪካ ጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት አሮጌ ካርታዎች በነፃ ይወርዳሉ። በአንድ ለሃያ አምስት ሺህ መስፈርት በተሠራ ካርታ 4 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሲያሳትሙ ግን ኮፒ ቤቱ ገጹን አሳንሶት ሊሆን ስለሚችል በካርታው ግርጌ ያለውን የርቀት መለኪያ መስመር በማስመሪያ ሳይለኩ ምንም አይቁጠሩ። ጠመዝማዛውን መሥመር ለመለካት ቀላሉ መሣሪያ የጥጥ ክር ነው፤ ክሩን እርጥብ አድርገው ሐዲዱ ላይ እየተከተሉ ያስተኙት፣ ከዚያ አቅንተው በማስመሪያ ይለኩት። በአሮጌው ካርታ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ዘርግተው ሐዲዱን በእስክሪፕቶ ይቅዱና ፕላስቲኩን በተመሳሳይ መጠን በታተመ የዛሬ ምስል ላይ ያሳርፉት። ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን በፕሮግራም ይሠራዋል፤ በእጅ የሠራው ሰው ግን እያንዳንዷን ኩርባ ስለሚያስታውሳት ሲጽፍ ይቀድመዋል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ያለ አሮጌ ካርታ በሳተላይት ምስል ብቻ ሠርቼ፣ በሜዳው መሐል የሚታይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሐዲድ ነው ብዬ ለታሪክ ክበብ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተማርሁ። መስመሩ ሁለት ጊዜ በቀኝ ማዕዘን እንደሚታጠፍ ያስተዋለችው ከኋላ የተቀመጠች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ባቡር እንዲህ ይታጠፋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይታጠፍም። የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ሊሆን ይችላል፣ የእርሻ ድንበር ሊሆን ይችላል፤ ባቡር ግን ሊሆን አይችልም። ሐዲድ ኩርባው ለስላሳ ነው፣ ዳገት ሲያጋጥመው ይዞራል ወይም ይቆርጠዋል፣ ጉድጓድ ሲያጋጥመው በአፈር ድልድል ያልፈዋል። በምስል ላይ የእርሻ ድንበሮችን ሰያፍ ቆርጦ የሚያልፍ፣ በአንዳንድ ቦታ የዛፍ ረድፍ፣ በሌላ ቦታ ጠባብ መንገድ፣ በሌላው የቤቶች አጥር ሆኖ የሚቀጥል ረጅም ለስላሳ መስመር ካዩ አሮጌ ሐዲድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሐዲዱ ስፋት ምን ያህል ነበር ለሚለው ጥያቄ አንቲጓና ሴንት ኪትስ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ 762 ሚሊ ሜትር፣ በእንግሊዝ መለኪያ ሁለት ጫማ ተኩል። በእኛ አለካክ አንድ ክንድ ከስንዝር ትንሽ ተረፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የነበረው አሮጌው ሐዲድ አንድ ሜትር፣ አዲሱ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለአንባቢ ቢያስታውሱት ልዩነቱ ይገባዋል። ጠባብ ሐዲድ ቀላል ብረትና ትንሽ ቁፋሮ ይበቃዋል፣ በጠባብ ኩርባም ይዞራል፤ ይህ ሁሉ በዓመት ስድስት ወር ያህል ብቻ ለሚሠራና አንድ ዓይነት ጭነት ለሚያመላልስ መሥመር የሚስማማ ቁጠባ ነው። ከዋናው መሥመር ወደ ማሳው ውስጥ ደግሞ ብዙ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል ተነስቶ የሚተከል ጊዜያዊ ሐዲድ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህን ዓይነቱን ሐዲድ በ1870ዎቹ ያስፋፋው ፖል ዴኮቪል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዴኮቪል የሠራው በራሱ እርሻ ቢት ለማጓጓዝ መሆኑ ያስገርመኛል፤ የአገዳው ባላንጣ ለአገዳው መጓጓዣ አበረከተለት።

የብረቱ ምስክርነት

ሐዲዱ ተነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ቢሸጥም ሎኮሞቲቭ ዕድሜው ረጅም ነው። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በጎኑ ላይ የሠሪውን ስም፣ ተራ ቁጥሩንና የተሠራበትን ዓመት የያዘ ሳህን ይለጠፍበታል፤ ይህ ቁጥር እንደ ክርስትና መዝገብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገኘ የትውልድ ቦታውን ይነግርዎታል። ለአሜሪካ ሥሪቶቹ ፊላዴልፊያ የነበረው ባልድዊን፣ ለእንግሊዞቹ ኬር ስቱዋርት፣ ሃንስሌትና ባግናል በስኳር ደሴቶች ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስሞች ናቸው።

ለአንቲጓ የሚጠቅምዎት ቁጥር 4404 ነው። ስቶክ ላይ የነበረው ኬር ስቱዋርት በ1927 ለአንቲጓ ስኳር ፋብሪካ የሠራው ይህ ሎኮሞቲቭ «ጆአን» ይባላል፤ የሚነዱ ስድስት ጎማዎችና ከኋላ ሁለት ደጋፊ ጎማዎች አሉት፣ ውኃውንም የሚሸከመው በራሱ ላይ ነው። የደሴቲቱ ባቡር ሲያበቃ በ1971 ወደ ዌልስ ተወስዶ ዌልሽፑልና ላንፌር በተባሉ ሁለት ከተሞች መካከል ባለው የቱሪስት ባቡር ላይ ተመደበ። ወደዚያ መሄዱ በአጋጣሚ አይደለም፤ ያም ሐዲድ ስፋቱ 762 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መንገድ አንድ የተዘጋ መሥመር ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሌላ አገር ሐዲድ ላይ ምስክር አስቀምጧል። ፎቶግራፉን ሲያገኙ የጭስ ማውጫውን ውበት ከማድነቅዎ በፊት ጎማውን ይቁጠሩ፤ ክብደቱ በብዙ ጎማ የተከፋፈለው ቀጭኑ ሐዲድ እንዳይታጠፍ ነው፤ ሐዲዱ የቀጠነውም አገዳው ብዙ ወጪ የማይችል ሸቀጥ ስለሆነ ነው።

ሁሉም ደሴት እንፋሎት እንደተጠቀመ አድርገው ግን አይጻፉ። የቸኮሌት ነጋዴው ሚልተን ኸርሺ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምክንያት የአውሮፓ ቢት ሲጠፋ በ1916 ወደ ኩባ ሄዶ ፋብሪካና የሠራተኛ ከተማ ሲመሠርት፣ ከሃቫና አቅራቢያ ወደ ማታንሳስ ያዘረጋው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበር።

ሎኮሞቲቩን ተከትሎ የጠፋው ሰው

ከሁሉ የሚከብደው የሰዎቹ ክፍል ነው፤ ሰነዱን የጻፉት አለቆቹ ስለሆኑ የቆራጩና የሐዲድ ጠጋኙ ስም በአብዛኛው አይገኝም። ቢሆንም በዙሪያው የሚገኝ ብዙ ነገር አለ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ባርነትን የሻረበትን ሕግ ሲያወጣ ለባሪያ አሳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መድቧል፤ ነፃ ለወጡት ሰዎች ግን ምንም አልሰጠም። ካሣውን የተቀበሉት ሰዎች ዝርዝር በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተሰብስቦ በነፃ ስለሚገኝ፣ ሐዲዱ ያለፈባቸውን እርሻዎች ስም አንድ በአንድ እያስገቡ ይፈልጉ። በሌሎች የእንግሊዝ ደሴቶች ነፃ የወጣው ሰው እስከ 1838 በግድ «ለማጅ» ተብሎ ለቀድሞ ጌታው ሲሠራ፣ አንቲጓ ያን ደረጃ ዘልላ በአንድ ቀን ነፃ አወጣች፤ ነገር ግን መሬቱ ሁሉ በባለ እርሻዎቹ እጅ ስለነበረ ብዙው ሰው ወደዚያው ማሳ ተመለሰ። ባርነት በፖርቶ ሪኮ እስከ 1873፣ በኩባ እስከ 1886 ስለቆየ የኩባ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በባሪያ የተቆረጠ ስኳር ጭነዋል። ይህን የሚጽፍ የሸዋ ሰው ዓሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በተባለው ገበያ በዚያው ዘመን ሰው ይሸጥ እንደነበር፣ በአገራችንም ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን ረስቶ ከሩቅ ፈራጅ እንዳይሆን እመክራለሁ።

የ20ኛውን መቶ ዘመን በተመለከተ የሠራተኛ ማኅበሩን ታሪክ ይከተሉ። የአንቲጓ የንግድና የሠራተኞች ማኅበር በ1939 ተመሠረተ፤ ቬር ኮርንዎል በርድ በ1943 መሪው ሆነ። በ1951 በነበረው ክርክር የእርሻዎቹ ኃላፊ አሌክሳንደር ሙዲ-ስቱዋርት ሠራተኛው በረሃብ ተገዶ ይመለሳል ብሎ ሲዝት፣ በርድ ቤተስዳ በተባለው መንደር በአንድ የሮቃ ዛፍ ሥር ቆሞ ከባሕር ዳር በሚለቀም ቀንድ አውጣና በዱር ቅጠል እየኖርን እንታገላለን ብሎ እንደመለሰለት ደሴቲቱ ዛሬም ታስታውሳለች። በእኛ አገር ክፉ ቀን ሲመጣ ሳማ እንደሚቀቀል ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ለባቡሩ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ሥራ ማቆም እንዲህ ያለ ኃይል ያገኘበት ምክንያት ነው፤ ተቆርጦ የሚቆይ አገዳ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ሳምንት መታገሥ ይችል ነበር። አገዳው ግን አይጠብቅም። ሐዲዱን ያስዘረጋው ጥድፊያ ራሱ ለሠራተኛው የመደራደሪያ ጉልበት ሰጠው። በርድ በ1981 ነፃ የወጣችው አንቲጓና ባርቡዳ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

መቼ ተዘጋ?

ይህ ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ፋብሪካው መጭመቅ ያቆመበት፣ ባቡሩ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደበትና ሐዲዱ የተነቀለበት ጊዜ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው፤ ብዙ ጽሑፎች ሦስቱን ቀላቅለው ስለሚጽፉ ዓመቶቻቸው አይገጥሙም። ባርቤዶስን ይመልከቱ፤ በ1881 የተከፈተው ባቡር በ1898 ሐዲዱ ከ1,067 ወደ 762 ሚሊ ሜትር ጠብቦ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ መሠረቱን እየሸረሸረው፣ በመጨረሻም የጭነት መኪና ሥራውን ወስዶበት በ1937 ተዘጋ፤ የደሴቲቱ ስኳር ግን ቀጠለ። ሴንት ኪትስ ተቃራኒው ናት። ከ1912 እስከ 1926 ድረስ ተራራውን እየዞረ የተሠራው ሐዲድ አገዳውን ወደ ባስቴር ፋብሪካ ሲያጓጉዝ ኖሮ፣ ስኳሩ በዕዳና በአውሮፓ ገበያ ዋጋ ይቀነሳል በሚል ሥጋት በ2005 ሲያበቃ፣ በ2003 የተጀመረው የቱሪስት ባቡር በከፊሉ መሥመር ላይ ሥራውን ቀጠለ። በኩባም የኸርሺ ፋብሪካ በ2002 ሲዘጋ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሰው ማመላለሱን አላቆመም። ስኳሩ ሞቶ ባቡሩ ሊኖር፣ ባቡሩ ሞቶ ስኳሩ ሊኖር ይችላል።

በአንቲጓ ሁለቱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተከታትለው አበቁ። ምክንያቱን ሲጽፉ አንዱን ብቻ አይምረጡ። ድርቅ ነበር፤ ወንዝ በሌላት ደሴት ድርቅ ማለት አገዳ የለም ማለት ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ በቂ አገዳ ካላገኘ ሐዲዱን መጠገን ኪሳራ ይሆናል። ሠራተኛው ሌላ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ በ1940ዎቹ አሜሪካኖች የጦር ሰፈር ሲሠሩ፣ በኋላም ሆቴሎች ሲስፋፉ ወጣቱ ገጀራውን አስቀመጠ። የስኳር ዋጋ ይዋዥቅ ነበር። ትራክተርና የጭነት መኪናም መጡ። እኔ ለእነዚህ ምክንያቶች ክብደት ስሰጥ መጀመሪያ የማስቀምጠው የአገዳውን ማነስ ነው፤ የተቀሩት ሁሉ ወደ ሐዲዱ የሚደርሱት በእርሱ በኩል ነው። ሌላ ጸሐፊ ደመወዙን ሊያስቀድም ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን በምን እንደመረጠ እስከተናገረ ድረስ አልከራከረውም።

ወረቀቱን ማሰናዳት

ለእያንዳንዱ እውነታ አንድ ካርድ ይያዙ፤ ደብተር በግማሽ የተቆረጠ ቢሆን ይበቃል። ከላይ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከሥሩ እውነታውን፣ ከጀርባው ከየት እንዳገኙት ይጻፉ። ሁለት ሰነዶች ሲጋጩ አንዱን አይቅደዱ፤ ሁለቱን ካርዶች በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ሦስተኛ ምስክር እስኪመጣ ያቆዩአቸው። ከዚያ ካርዶቹን በወለል ላይ ዘርግተው ይደርድሩ፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ እንዳይወስድብዎ መስኮቱን ይዝጉ።

ሲጽፉ ከአንድ የአገዳ ጭነት ቢጀምሩ ይሻላል። ሌሊት የተቆረጠ አገዳ አድርገው ግን ልብ ወለድ አይፍጠሩ፤ በሰነድ የሚያውቁትን ብቻ ይዘው ከማሳው ወደ ጊዜያዊው ሐዲድ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥመር፣ ከዚያ ወደ መጭመቂያው ይውሰዱት። ገለባው ወደ ፋብሪካው ምድጃ ገብቶ ቦይለሩን እንደሚያሞቅ፣ ሞላሰሱ ለሩም እንደሚውል በአንድ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የወፍጮ ማማዎቹ፣ ንጉሣዊው ኮሚሽንና የሮቃው ዛፍ በዚህ ጉዞ ላይ በየቦታቸው ይገባሉ። በእጅ የቀዱትን ፕላስቲክ ፎቶ አንስተው ከጽሑፉ ጋር ያያይዙ፤ በርግጠኝነት ያገኙትን ሐዲድ በሙሉ መስመር፣ በግምት ያስገቡትን በነጠብጣብ ይለዩ። ሲጨርሱ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤትዎ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ፣ ሌላውን አጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ጨምረውበት በዌልስ ጆአንን ለሚንከባከበው የባቡር ማኅበር ይላኩ፤ በማጠቃለያው የመጀመሪያ መስመር ላይ 4404 የሚለውን ቁጥር መጻፍ አይርሱ።